አሥራ አራት እንቁራሪትና አንድ ፊርማ

ስሙን የማታውቁትን ነገር ገድላችሁ ታውቃላችሁ?

«እኔ የለሁበትም» ለማለት አትቸኩሉ። አፈር የደፋችሁበትን ኩሬ፣ የመነጠራችሁትን ቁጥቋጦ፣ «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል» ብላችሁ የረገጣችሁትን ሁሉ አስቡ። አስባችሁ ስታበቁ አሁንም እጃችሁ ንጹህ መስሎ ከታያችሁ መጽሔቱን አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ ከእናንተ ጋር ጨዋታ የለኝም።

ሶረቲ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጥርሴ የበለዘ ነው፤ ይህንን ቀድሜ የምናገረው ሌላው ከኋላዬ ስለሚያወራው ነው። ከአዳማ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የስምጥ ሸለቆ ቀበሌ ተወልጄ፣ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ ነው ያደግኩት። የእኛ ሰፈር ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ማንም አላስተማረንም፤ ሁላችንም ግን እናውቅበታለን።

ያቤጽ ገመቹ ያንን እጄን ከአፌ ላይ ያወረደ ሰው ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ስለ ፍቅር የምታነቡ መስሏችሁ ከሆነ አልተሳሳታችሁም፤ ፍቅር ነበር። ለዚህ ነው የምቆጣው።

የተገናኘነው በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ከሁሩታ ከፍ ብሎ፣ አጎቴ ኦቦ ኦሊቃ ከሚያርሰው መሬት ጠርዝ ላይ ባለ ምንጭ። በበልግ ጉም በሚወርድበት ሰሞን ከምንጩ ዙሪያ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ጠርሙስ በጥፍር ሲመታ ዓይነት፣ ሦስት ጊዜ ይልና ዝም። አጎቴ ይህንን ድምፅ ስልሳ ዓመት ሰምቶታል፤ የድምፁን ባለቤት ግን አንድም ቀን አላየም።

«እንቁራሪት ናት፣ ኢንተላ ኮ» ይለኛል፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ግን እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ሰው ሲቀርብ ዝም ትላለች። ታፍራለች።»

እሷን ማየት ባይቻልም ልጆቿ በውሃው ውስጥ ነበሩ፤ እግር የሌላቸው፣ ጭራ ብቻ ያላቸው፣ ሆዳቸው ወርቅማ የሆነ ዕጮች። ሱሪዬን ጉልበቴ ድረስ ጠቅልዬ በሻይ ማጥለያ እያጠለልኩ ሳለሁ አንድ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው ከዳር ቆሞ ያየኝ ጀመር። በእጁ ቅጽ ይዟል።

«እርዳታ ትፈልጊያለሽ?»

«ጫማህ ይበላሻል።»

«ለጥናት ነው የመጣሁት» አለ፤ ማንነቱን አለመጠየቄ ስለከበደው። እዚያ ምንጭ ላይ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ሊቆም ነው፤ እሱ ደግሞ ፋብሪካው በአካባቢው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት የሚያጠናው ቡድን ባለሙያ ነው። ቅጹን ተቀብዬ አነበብኩ። «እንቁራሪት፤ የተለመደ ዓይነት» ይላል።

«የተለመደ ለማን?» አልኩት።

«እንዴት ለማን?»

«አንተ አይተሃታል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየኋት። እኩል ነን። ልዩነታችን አንተ ጽፈሃል።»

ቀይ ሰው ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ከኪሱ ላጲስ አወጣና መስመሩን በፊቴ አጠፋው። እኔ እስከዚያ ቀን ስህተቱን በፊቴ የሚያጠፋ ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር። ርዕሰ መምህራችን እንኳን የተሳሳተ የፈተና ፕሮግራም ሲለጥፍ ስህተቱን ለተማሪዎቹ ይሰጣል እንጂ አያነሳም።

«ስሟን አምጪልኝ» አለኝ። «ሪፖርቱ የሚገባው ሐምሌ ላይ ነው። እስከዚያ ስሟን ካመጣሽ እጽፋለሁ።»

የፋብሪካው ባለቤት አባቱ መሆናቸውን የነገረኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። አባት የሚያቆመውን ፋብሪካ ልጅ ሲያጠናው ጥናት አይባልም፤ የቤተሰብ ምሳ ነው። ይህንን ለተማሪ ብነግረው ይገባዋል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ከላጲሱ ጋር ፍቅር ይዞኝ ነበር።

ለአንድ የአዲስ አበባ ሙዚየም ባለሙያ ስልክ ደወልኩ። ቁርጥ ያለ ሰው ነው። «በዕጭነቷ ልለያት አልችልም» አለኝ። «ጭራዋን ጥላ፣ እግር አውጥታ፣ ሙሉ እንቁራሪት ስትሆን አምጪልኝ። በአርሲ ደጋ የሚኖሩ፣ ከአገራችን ውጭ የሌሉ እንቁራሪቶች አሉ። ከእነሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች፤ ማንም የማያውቃት ልትሆንም ትችላለች፤ በየቦዩ የምትጮኸዋ ተራዋ ልትሆንም ትችላለች። አሳድጊያት።»

ሃያ ዕጭ በጄሪካን ይዤ፣ ጄሪካኑን በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወደ አዳማ ወረድኩ። የምኖረው አንድ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት የሰርቪስ ክፍል ነው። የጎን ጎረቤቴ ጂቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ዕጮቹን የገለበጥኩበትን ሳፋ ስታይ በሩን ተደግፋ ሳቀች።

«አንቺ መምህር! ባል ፈልጊ ስንልሽ ያመጣሽው ይኼንን ነው?»

«ይደጉና ታያለሽ።»

«እኔ የምልሽ፣ ሲያድጉ የሚበሉ ናቸው?»

«አይበሉም!»

«ታዲያ ለምን ያድጋሉ?»

ጥያቄዋ የቀልድ ነበር። በኋላ ግን ብዙ የተማሩ ሰዎች ኮስተር ብለው ጠይቀውኛል።

ከደጋ ቀዝቃዛ ምንጭ የመጣን ፍጥረት አዳማ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማሳደግ ማለት ቀኑን ሙሉ ከሙቀት ጋር መታገል ነው። የቧንቧ ውሃ በክሎሪኑ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ኦቦ ኦሊቃ በየሐሙሱ በሁሩታ ሚኒባስ የምንጭ ውሃ ይልክልኛል። ሳፋውን በረጠበ ጆንያ እንጠቀልላለን፤ ጆንያው ሲደርቅ እንደገና እናርሳለን። የተቀቀለ ሰላጣ እየቆራረጥን እናበላለን። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስቱ ሞቱ። አሥራ አራት ቀሩ።

«እናርሳለን»፣ «እናበላለን» የምለው ያቤጽ የክፍሌን ቁልፍ ስለያዘ ነው። ጠዋት እኔ፣ እኩለ ቀን እሱ። ቀን እኔ ስለማስተምር አንገናኝም፤ የምንገናኘው ሳፋው አጠገብ በተቀመጠው ደብተር ላይ ነው። የውሃው ሙቀት፣ የበሉት፣ ያደጉት በየቀኑ ይመዘገባል። እንዲህ ተጀመረ፦

«ሚያዝያ 19። እኩለ ቀን። የውሃው ሙቀት 20። ሰላጣ ጨርሰዋል። በር ላይ የተሰቀለው ሰማያዊ ሹራብ የማን ነው?»

«ሚያዝያ 20። ጠዋት። የውሃው ሙቀት 18። በመዝገብ ላይ ስለ ሹራብ አይጻፍም።»

«ሚያዝያ 20። እኩለ ቀን። የውሃው ሙቀት 20። ስለ ሹራቡ ምንም አልጻፍኩም። የሹራቡ ባለቤት ግን ትናንት ፖስታ ቤት ጋ መንገድ ስትሻገር አይቻት፣ እስክትጠፋ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።»

ግንቦት ላይ የደብተሩ ግማሽ ሙቀት፣ ግማሹ ደብዳቤ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ መጣና የመጀመሪያውን የኋላ እግር አብረን አየነው፤ የክር ጫፍ የምታህል፣ ግን እግር። ዕጩ ሊጠቀምባት ሞከረና ተገለበጠ። ሳቅኩ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ። ያቤጽ ጣቶቼን ያዘና ቀስ አድርጎ አወረዳቸው። ዓይኔን ሳይሆን ጥርሴን አየ፤ ሲያየውም ፊቱ አልተለወጠም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይህ እንዲሆንልኝ ስጠብቅ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

አብረን መንገድ ስንሄድ ግን ሦስት እርምጃ ወደኋላ ይቀራል። ወደ ቤቴ ሲመጣ በዋናው መንገድ ሳይሆን በውስጥ ለውስጥ ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን የሚዋደዱ ሰዎች መጀመሪያ ለሽማግሌዎች ያሳውቃሉ፤ ከዚያ በፊት አብሮ መታየት አይወደድም። እኔ የሌላ እምነት ልጅ ስለሆንኩ ይህንን ሥርዓታቸውን ከመጠን በላይ አከበርኩለት። መደበቁን ጨዋነት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሞኝ የሚያደርገን ብዙ ጊዜ የራሳችን ትርጉም ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቤታቸው ለምሳ ተጠራሁ፤ «በጥናቱ የምትረዳኝ መምህርት» ተብዬ። እናቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጌታ ይባርክሽ ብለው ሳሙኝ። ገበታው ላይ ከተደረደሩት ጠርሙሶች አንዱን ከፍተው ቀዱልኝ።

«ይኼንን ጠጪ ልጄ፤ ይህ ጥርስ አይጎዳም።»

በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን መልስ ነበረኝ።

አባቱ አቶ ገመቹም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆኑ ሥራዬ ይቀል ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸውን አያነሱም።

«መምህርት፣ አንድ ነገር አስረጂኝ» አሉ። «አንቺ ያደግሽበት አካባቢ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው፣ አጥንት የሚጎብጠው በምንድን ነው? በውሃ አይደለም? እኔ ከደጋ ንጹህ ውሃ አምጥቼ ቆላ ላወርድ ነው። ለስንት ወጣት ሥራ ልከፍት ነው። ከሰው ሁሉ አንቺ ለአንዲት እንቁራሪት ብለሽ ትቆሚያለሽ?»

«አቶ ገመቹ፣ እርስዎን ለማስቀየም አይደለም» አልኩ፤ «እኔ ባደግኩበት ቀበሌ የታሸገ ውሃ የሚጠጡት ሙሽራና በሽተኛ ናቸው። የቀረነው ለጥርሳችን የተሠራውን ፋብሪካ ማስታወቂያ እናያለን። ደግሞም ፋብሪካው ይቅር አላልኩም። የምንጩ ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ ሳታውቁ አትቁረጡት ነው ያልኩት።»

ወደ ያቤጽ ዞርኩ። ያቤጽ ሹካውን ያያል። ሹካው ላይ ቁራጭ ካሮት ነበር፤ አልጎረሰውም፣ አላስቀመጠውምም።

በማግስቱ ደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ትናንት የተናገርሽውን እኔ መናገር ነበረብኝ። በልቤ ብዬዋለሁ።» አነበብኩትና ይቅር አልኩት። ደብተሩን ደረቴ ላይ አድርጌ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከመቼውም በላይ እንደተወደድኩ ተሰማኝ። በልብ የተባለ ነገር ሁሉ ለማን እንደሚጠቅም ያን ቀን ብጠይቅ ኖሮ!

በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፈታኝ ተብዬ ወደ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመደብኩ። ከዚህ የከፋ ጊዜ አልነበረም። አሥራ አራቱም ሙሉ የኋላ እግር አውጥተው፣ የፊት እግራቸው ከቆዳቸው ሥር እንደ ክርን ጎብጦ ይታይ ነበር። እዚህ ደረጃ ላይ ሁሉም ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለወጣል። ዕጩ መብላት ያቆማል፤ ጭራውን ራሱን ይመገበዋል፤ የውሃ መተንፈሻው ይዘጋና ሳንባው ይከፈታል። በዚያን ሰዓት የሚወጣበት ደረቅ ነገር ከሌለው፣ የተወለደበት ውሃ ያሰጥመዋል።

በደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፤ አሰመርኩበት። «የፊት እግር በአንዱ ላይ እንኳ ከታየ ውሃውን ቀንስ፤ ድንጋዩን አስገባ። ጫፉ ከውሃ በላይ ይሁን። ያቤጽ፣ ይህንን ብቻ አትርሳ።» ድንጋዩን ከምንጩ ዳር ራሴ ነበርኩ ያመጣሁት፤ ሙስ የሚባለው አረንጓዴ ሽፋን የበቀለበት። በቃልም ነገርኩት። «እንዴት እረሳለሁ ሶሬ» አለኝ። ግንባሬን ሳመኝ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር።

የነበርኩበት ግቢ ኔትወርክ አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ፈተና አስፈተንኩ። ዘጠኝ ቀን ከወረቀቱ በላይ የሚታየኝ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች፣ ጭራዋን ያልጨረሰች ትንሽ እንቁራሪት ነበረች።

ሐምሌ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተመለስኩ። ሳፋው ባዶ ነው። ጆንያው ደርቆ እንደ ቆዳ ቆሟል። ጂቱ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

«ያቤጽ ወሰዳቸው» አለችኝ። «ሰኔ ሃያ ስድስት። ክፍልሽ እሳት ሆኖ ነበር እኮ፤ ‹እዚህ ከቆዩ ይሞታሉ› ብሎ ወደ እነሱ ቤት ወሰዳቸው። ጄሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የወጣው። እኔማ ሳየው ቀናሁብሽ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም። ወደ ቤቱ ወሰዳቸው! ያንን የእኔን ጄሪካን፣ የእኔን ድንጋይ፣ የእኔን ጉዳይ በዚያ በትልቁ በር አስገባው! ፊቴን ሳልታጠብ ልሄድ ስነሳ ያቤጽ በሩ ላይ ቆሟል። በእጁ ክዳን ያለው የማር ብልቃጥ ይዟል።

አሥራ አራቱም ብልቃጡ ውስጥ በአልኮል ነበሩ።

አልጮህኩም። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህንን ስነግራቸው አያምኑም። ብልቃጡን ተቀብዬ ወደ ብርሃን አነሳሁት። አራቱም እግሮች ወጥተዋል። ጣቶች ነበሩ። በጣቶቹ ጫፍ ላይ ክብ ክብ ነገር ነበረ። ጭራው ግማሽ ደርሷል።

«በምን ውስጥ አስቀመጥካቸው?»

«የዓሣ መስታወት ገዛሁላቸው» አለ። ያለቅስ ነበር። «ትልቅ። ሳሎን ውስጥ፣ ጥላ ውስጥ። ውሃውን በየቀኑ ቀየርኩ ሶሬ። የታሸገ ውሃ ነው ያደረግኩላቸው። ንጹህ ነበር።»

«ድንጋዩስ?»

«አስገብቼው ነበር። ከዚያ እናቴ… ሙሱ መስታወቱን አቆሸሸው፤ እንግዳ ነበረባት። ‹ለጊዜው ላውጣው› አለችኝ። እመልሰዋለሁ ብዬ…»

ሳላስበው አቀፍኩት። ብልቃጡ በሁለታችን መካከል ነበር። ያደገው ንጹህ ውሃ መስጠትን ከፍቅር በማይለይ ቤት ውስጥ ነው፤ ያለውን ሰጣቸው። የገደላቸው ደግነቱ ነው አልኩ። ደግነት ይቅር ይባላል። እንባው አንገቴ ላይ ሲወርድ ይቅር አልኩት፤ ከልቤ፣ በሙሉ ድምፄ።

«ግድ የለም» አልኩት። «ስሟን አላገኘንም፤ ግን አልተሸነፍንም። ‹አልታወቀችም› ብለህ ጻፍ። ይኸው ነው። ዓይነቷ ያልታወቀ እንቁራሪት አለች፣ ሌላ ወቅት ይጠና በል። ውሸት አይደለም። ይህ አንድ ቃል ለሚመጣው በልግ ምንጩን ያቆይልናል።»

እቅፉ ላላ።

«ያቤጽ?»

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ሪፖርቱ የት ነው?»

«ገብቷል።»

«መቼ?»

«ሃያ ስምንት።»

ደብተሩን ከብልቃጡ ጋር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ገለጥኩት። በእጁ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሰኔ 28። እኩለ ቀን። ዘጠኙ የፊት እግር አውጥተዋል። አንዱ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ አየኝ። ናፍቀሽኛል።» ቀጣዩ ገጽ ሰኔ 30 ነው፤ አንድ መስመር ብቻ፦ «ሁሉም።»

«ሃያ ስምንት በሕይወት ነበሩ» አልኩ።

«አዎ።»

«ዘጠኙ እግር አውጥተው እያዩህ ነበር። ጥቂት ቀን ብቻ ነበር የቀራቸው። ምን ብለህ ጻፍክ?»

ዓይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ።

«ምን ብለህ ጻፍክ ነው የምልህ!»

«የተለመደ ዓይነት» አለ፤ ለመስማት አንገቴን ማዘንበል ነበረብኝ። «አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፣ ሶሬ። ቆጣ እንኳን አላለም። ‹ልጄ፣ አምንሃለሁ› ብሎ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ቢቆጣ እኮ እምቢ እል ነበር!»

ድንጋዩን ማን እንዳወጣው ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። ከተፈረመ በኋላ ድንጋዩ ኖረ አልኖረ ለማን ምን ያደርጋል? በሕይወት ያለችን ነገር በወረቀት ላይ ቀብሮ፣ ሁለት ቀን ሲመግባት ነበር። በየቀኑ ውሃ ሲቀይርላት ነበር። ደግሞ «ናፍቀሽኛል» ሲል አልዋሸም፤ እኔን ያደቀቀኝ ይኼ ነው። ቢዋሸኝ ኖሮ አንድ ውሸታም ብቻ ነበር የማጣው፤ አሁን ግን በእውነት የሚወደኝንም ሰው አጣሁ።

«እወድሻለሁ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ጮክ ብለህ በለው።»

ወደ ጂቱ ዞር ብሎ አየ። ጂቱ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣ ከአንሶላው ጀርባ የሌለች ለመምሰል ትሞክር ነበር።

«ሰው ይሰማል» አለ።

በዚህች ቃል ምን ያህል ነገር እንዳለቀ እሱ አልገባውም። የሚያውቀኝ በደብተር ነው፤ የሚወደኝ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው፤ የሚደግፈኝ በልቡ ነው፤ ሰው በሚሰማበት ቦታ ሁሉ ግን ለሌላ ይፈርማል። ብልቃጡን ይዤ በሩን ዘጋሁ። ለረጅም ሰዓት ከበሩ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ጥላው በበሩ ሥር ይታየኛል። አላንኳኳም። ቢያንኳኳ እከፍት እንደነበር ዛሬም እያፈርኩ አውቃለሁ።

ብልቃጡን አዲስ አበባ ወሰድኩት። የሙዚየሙ ባለሙያ በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየ። ጣቶቹ ላይ ያለው ክብ ነገር አስገርሞት ወንበሩን ሁለት ጊዜ አስተካከለ። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ግማሽ ላይ ነው የቆሙት» አለኝ። «ተራዋ አይደለችም ለማለት ልቤ ይፈቅዳል፤ ብዕሬ ግን አይፈቅድም። አንድ ሙሉ የደረሰች አምጪልኝ።»

ከየት? በነሐሴ ምንጩ ታጠረ። ቧንቧው በሲሚንቶ ሣጥን ውስጥ ገባ። ሸክላ ጭቃው፣ ቄጠማው፣ ዳር ዳሩ ሁሉ ጠጠር ተደፋበት። ኦቦ ኦሊቃ በጉም ቀን አጥሩ ሥር ሄዶ እንደተቀመጠ ነገረኝ።

«ዝም ነው፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ በስልክ።

«ምናልባት ሰው ስለቀረባት ይሆናል፣ አጎቴ።»

«አይደለም» አለ። «ስታፍር የምትለውን ዝም አውቀዋለሁ። ይኼ ሌላ ዝም ነው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ አበቃለሁ ብዬ ነበር። ሐዘን ይበቃኛል፤ ደብተሩን አጥፌ ተማሪዎቼን ላስተምር ብዬ ነበር። ባለፉት ሁለት እሑዶች ግን የያቤጽ ገመቹ ስም በቤተ ክርስቲያናቸው መድረክ ላይ በማይክራፎን ተነቧል፤ ከእህት ሣራ ጋር በጋብቻ ሊተሳሰር ነው። እንደ ሥርዓታቸው ስሙ ሦስት እሑድ ይነበባል፤ በየጊዜውም «ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ» ይባላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ገመቹ ናቸው።

ሰዎች ሄጄ እንድቃወም ይመክሩኛል። ጂቱማ ከሥራ አስፈቅዳ አብራኝ ልትሄድ ተዘጋጅታለች፤ «ልብሱን እኔ እመርጥልሻለሁ፣ አንቺ ንግግሩን ያዢ» ትላለች። አልሄድም። ጋብቻውን አልቃወምም። ሣራን አላውቃትም፤ ከእሷ ጋር ምንም ጠብ የለኝም። እኔን የመውደድ ግዴታ ማንም የለበትም። የፋብሪካው ውሃ መሸጥ ጀምሯል፤ ያንንም በአንድ መጽሔት ገጽ እንደማላስቆመው አውቃለሁ። ስሟን እንደማልደርስበትም አውቃለሁ። ይህ ሁሉ አልቋል።

አንድ ነገር ግን አላለቀም። ያቤጽ፣ የፊታችን እሑድ ስምህ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ጉባኤው ሁሉ አንተን ያያል። አባትህ ከፊት ይቀመጣሉ፤ እናትህም ይኖራሉ። ለእኔ ደብዳቤ እንዳትጽፍ፤ በውስጥ ለውስጥ መንገድም እንዳትመጣ። ተነሣና ማይክራፎኑን ተቀበል። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን፣ ዘጠኙ በሕይወት ሆነው እያዩህ፣ የማታውቃትን «የተለመደ ዓይነት» ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም? ሰው በሚሰማበት፣ ጮክ ብለህ መልስ።